የኤልያ ቅኝት

ሂሎ በምትባለው የደሴት ከተማ ዝናብ ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚሆነው ያልዘነበ ቀን ነው። እንጨት ያብጣል፣ ብረት ይዝጋል፣ የጊታር አንገት ይጣመማል። ዌንደል ካአውካይ የሚተዳደረው በዚሁ መጣመም ነው። መሥሪያው ማሳ የሚባል ወዳጁ ከከፈተው የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ጓሮ ውስጥ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ወደ እሱ የሚመጣ ሰው በመንጠቆና በመረብ መሃል አልፎ፣ የማጥመጃ ሥጋ የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ ተሻግሮ፣ የማሳን ምላስ ችሎ ነው የሚደርሰው። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

ዌንደል ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ቁጥብ ሰው ነው። ሰዎች የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ተሸክመው መጥተው አንዱ "ክሩ አንገቱን እየነካ ይነዝራል" ይላል፣ ሌላው "ጣቴን ቆረጠኝ"፣ ሦስተኛው "ድምፁ ሞተ"። እሱ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አንሥቶ አንገቱን ቁልቁል ያያል። ክሮቹ ከአንገቱ ምን ያህል እንደራቁ ይለካና ብሩጎላ በሚባለው የብሎን መፍቻ ክሮቹ የሚያርፉበትን ብርኩማ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ በካቻቢቴ ከክሮቹ ሥር የተቀመጠውን፣ ድምፃቸውን የሚለቅመውን ማግኔት ያስተካክላል። ማግኔቱ ከክሩ ከራቀ ጊታሩ ያንሾካሹካል፤ በጣም ከቀረበ ደግሞ ክሩን ወደ ራሱ እየጎተተ ያሳብደዋል። "ባልና ሚስት ናቸው" ይላል ማሳ፣ ሦስት ጊዜ አግብቶ የፈታ ሰው ነውና፤ "ሲራራቁ ይረሳሳሉ፣ ሲጠጋጉ ይጣላሉ።"

የዚህ ሰው ጉድ ግን ሌላ ነው። የከተማውን ጊታር ሁሉ ሲያበጅ ኖሮ ራሱ አይጫወትም። ለሙከራ ክር ይመታል እንጂ ዘፈን ሲጫወት ያየው ሰው የለም፤ ይህም ከአባቱ ከኤልያ የመጣ ነው።

በዚያ ደሴት የቀድሞ ሰዎች ጊታርን ሁሉም በሚያውቀው በገበያው ቅኝት አይቃኙም። ክሮቹን አላልተው በየቤታቸው ቅኝት ያደርጉታል፤ ቅኝቱንም ሥር ማሽ መድኃኒቱን እንደሚደብቅ ይደብቁታል። ሲቃኙ ጀርባቸውን ለሰው ይሰጣሉ። ተጫውተው ሲጨርሱ መቃኛዎቹን አዙረው ክሮቹን ያረግባሉ፤ ጊታሩን የሚያነሣ ሰው ምንም እንዳያገኝ። የኤልያ ቅኝት ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነበር። ወፍራሙ ክር ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ከመሃል ያለው አንዱ ክር ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ለመስማማት ትንሽ ቀርቶት እዚያው ይቆማል። ያ ትንሽ ነገር ነው ሰውን የሚያስለቅሰው። ኤልያ በሠርግም በለቅሶም ሲጫወትበት ኖረ፤ በሸክላ አስቀርጽ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ቅኝቱን አስተምረን ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። "የሰው ዕቃ አላውስም" ይላል፤ ሰውም ይስቃል። ቀልድ ነዋ።

ዌንደል ግን አልሳቀም። ልጅ ሆኖ ለመነ፣ ጎርምሶ ለመነ፣ ሚስት አግብቶም ለመነ። "የሰው ዕቃ አላውስም፣ ልጄ።" ያኔ የራሱን ጊታር ሰቀለና መጫወት ተወ። አባቴ ሰው አላደረገኝም፣ አላመነኝም፣ ብሎ ደመደመ። ልደብቀው አልችልም፣ ይህ ነገር ሰውየውን ከውስጥ ሲበላው ነው የኖረው። አባቱ ባለበት ቤት ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጊታሩ ሲነሣ ግን ወደ ውጭ ይወጣል።

ኤልያ ሌላም አመል ነበረው። በየዓመቱ ማዕበሉ ጋብ ሲል መረቡን ጭኖ ተራራውን ዞሮ ካኡ ወደሚባለው ወረዳ ለዓሣ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። የዌንደል እናት በር ላይ ቆማ ትጠብቀውና "የካኡ ዓሣ አለቀ ወይስ አንተን ሲያይ ይሸሻል?" ትለዋለች። እሱ ይስቅና እግሩን ሊታጠብ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሄዳል።

ኤልያ ከሞተ ቆይቷል። "ቅኝቱን ይዞት አፈር ገባ" ይላል ሰው እስከ ዛሬ። ጊታሩ ክሮቹ እንደ ረገቡ ዌንደል መሥሪያ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዌንደል ልጅ ኬሃው፣ ጊታር ከእጇ የማይወርድ ወጣት፣ በመጣች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች።

"አባዬ፣ አያቴ እንዴት ነበር የሚቃኘው?"

"አላውቅም።"

ይህችን አንዲት ቃል በተናገረ ቁጥር ፊቱ ይቀላል።

አንድ ቀን ጠዋት ማሳ ከፊት ሆኖ ተጣራ። "ዌንደል! ደንበኛ መጥተውልሃል! መንጠቆ ልሽጥላቸው ሞክሬ በዓይናቸው ብቻ ገደሉኝ!"

የገቡት ቀጠን ያሉ፣ ሰማንያን የነኩ አሮጊት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ጊታር በከረጢት፣ በሌላው በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ስማቸው ኖሄያ እንደሆነና ከካኡ በአውቶቡስ እንደመጡ ተናገሩ፤ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ይግቡ አክስቴ፣ ይቀመጡ" አላቸው ዌንደል፤ እዚያ አገር ባልቴት ሁሉ አክስት ናት።

"መቀመጡ ቀላል ነበር፤ መነሣቱ ነው የቸገረኝ። ይሄ ነገር ይነዝራል። አብጅልኝ።"

ዌንደል ከረጢቱን ከፈተ። ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ክሮቹ በሙሉ እንደ ረጠበ የልብስ ገመድ ረግበዋል። ማን እንዳረገባቸው መጠየቅ አላስፈለገውም፤ አባቱን ሲያይ ነው ያደገው።

"አክስቴ፣ ሲጨርሱ ሁልጊዜ ነው የሚያረግቡት?"

"ታዲያስ? ለመንገደኛ ላስረክበው?"

"የሚነዝረው ለዚያ ነው። ክሮቹ አንገቱን ወደ ፊት ይጎትቱታል፤ አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ደግሞ ወደ ኋላ። እርስዎ ክሮቹን ሲያረግቡ ዘንጉ ብቻውን ይቀራል። ይኸው አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል።"

"ታዲያ አቅናው።"

"ላቀናው ቅኝቱን ማወቅ አለብኝ። ክሮቹ ምን ያህል እንደሚጎትቱ ካላወቅሁ..."

"አይሆንም።"

"እሺ፣ ወፍራሙ ክር ምን ያህል እንደሚወርድ ብቻ ይንገሩኝ።"

"ወደሚወርድበት ይወርዳል።"

ማሳ ከመረቡ ጀርባ ሆኖ ሲሰማ ኖሮ "አክስቴ፣ ለሱ ቢነግሩት መቃብር ነው! የራሱን የልደት ቀን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም!" አለ።

ኖሄያ ወደ ማሳ አልዞሩም። እጃቸውን ዘርግተው ለዌንደል አሳዩት። የጣቶቻቸው አንጓዎች እንደ ዝንጅብል ተቋጥረዋል። "የልጅ ልጄ ልጅ በዚህ ቅዳሜ አንድ ዓመት ይሞላዋል። በእኛ ቤት በአንድ ዓመቱ ድግስ ያልተጫወትኩለት ልጅ የለም። ከዚህ በኋላ ግን የምጫወት አይመስለኝም። ጣቴ ክሩን አልጫን አለው። ክሩን አውርድልኝ፣ መንዘሩን አጥፋልኝ፣ ሌላውን ተወው።"

ዌንደል እሺ ባላቸው ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ክር ዝቅ ባለ ቁጥር መንዘሩ ይብሳል፤ በረገበ ቅኝት ደግሞ ይበልጥ። ይህንኑ ነገራቸው። አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና "ዙር" አሉት። "ፊትህን ወደ ግድግዳው። እኔ ልቃኘው፤ አንተ ከዚያ ለካው። ክር ግን እንዳትመታ።"

"ክር ሳልመታ ጊታር ላስተካክል?"

"ልብስ ሰፊ ሰውየውን ሳያዘፍን ይለካው የለ?"

ማሳ ከፊት ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። ዌንደል ምን ያድርግ፣ ዞረ። ፊት ለፊቱ ማሳ የሰጠው፣ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። መስታወቱ ላይ የአሮጊቷ እጆች ከነመቃኛው ቁልጭ ብለው ታዩት። የትኛውን መቃኛ ስንት ጊዜ እንደሚያዞሩ መቁጠር ይችል ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር፣ ማጉያው ውስጥ ያልተሰካው ጊታር ድምፁ እንኳ አልደረሰውም።

"አሁን ዙር።"

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ክሩን ከላይና ከታች በጣቱ ተጭኖ በመሃሉ የሚያልፈውን ብርሃን አየ። የአንገቱን ዘንግ ሩብ ዙር አላላ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና አየ። ቀጫጭኖቹን ክሮች ለጣቶቻቸው ሲል በተቻለ መጠን አወረዳቸው፤ ወፍራሞቹ ሲርገበገቡ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልጉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ተዋቸው። ይህን ሁሉ አንድ ክር ሳያሰማ፣ እንደ ሌባ ትንፋሹን ውጦ አደረገው። ኖሄያ ከአጠገቡ ቆመው እጁን እንደ ጭልፊት ሲጠብቁ ነበር።

"አሁን ውጣ። ልሞክረው።"

ዌንደል ወጥቶ ማሳ ዘንድ ቆመ።

"ከመሥሪያህ አባረሩህ?"

"አባረሩኝ።"

"እኔን ሦስት ሚስቶች አባረውኛል፤ ይለመዳል።"

ብዙ አልቆየም፣ ኖሄያ ተጣሩ። ሲገባ ፊታቸው ጠቁሯል። "መንዘሩ ሄደ፤ እጄም አላመመኝም። ግን ወፍራሙ ክር ይዋሻል። አንድ ስመታው ሁለት ይናገራል።"

ዌንደል ወዲያው ገባው። "ማግኔቱ ነው። ይህን ማግኔት ያስቀመጠው ሰው ክሩ በገበያ ቅኝት ይወጠራል ብሎ ነው። የእርስዎ ክር ልል ነው፤ ማግኔቱ ይጎትተዋል፣ ድምፁን ያጣምምበታል። ዝቅ ላድርገው። ይሄ ግን በዓይን አይሆንም አክስቴ፤ በጆሮ ነው።"

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ማጉያውን ከፍተው ወፍራሙን ክር ብቻ በአውራ ጣታቸው መቱት። እውነትም ድምፁ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ዌንደል ካቻቢቴውን ይዞ አጎነበሰና ብሎኑን አዞረ። "ይድገሙት።" ደገሙት። አሁንም አዞረ። አራት አምስት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ድምፁ ጠራ፤ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ጥልቅ፣ አንድ ድምፅ ሆነ። ዌንደል ይህን ድምፅ የሆነ ቦታ የሚያውቀው መሰለው፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣለትም። አንድ ክር ብቻውን ምን ይናገራል።

"አሁን የማግኔቱ አንዱ ጎን ወረደ" አላቸው። "ሌላው ጎን እንዳይጮህበት ሁሉንም አንድ ላይ መስማት አለብኝ። አለዚያ ቅዳሜ ዕለት ቀጫጭኖቹ ሲጮሁ ወፍራሞቹ አይሰሙም።"

ኖሄያ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ክሮቹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ጠረጓቸው።

ዌንደል ክው አለ።

አባቱ መጣ። ሌላ ምን ልበል? የአባቱን ሳል ከሺህ ሰው ሳል እንደሚለየው፣ ያችን ለመስማማት ትንሽ ቀርቷት የምትቆም ክር ለይቷታል። ካቻቢቴው ከእጁ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ዓሣ በሚቀመጥበት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።  ድምፁ ከማጉያው ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቱን ጊታር ነበር የሚያየው። ያ ጊታር አልተነካም። ክሮቹ እንደረገቡ ናቸው።

"የአባቴ ነው" አለ በመጨረሻ። "ይሄ የአባቴ ቅኝት ነው። ከየት አመጡት? አባቴ ለማንም አላስተማረም። ለኔ እንኳ አላስተማረም።"

"አባትህ ኤልያ ነው።"

"ያውቁታል?"

"የሱ አይደለም" አሉ ኖሄያ። "የኔ ነው። ከአያቴ የመጣ ነው። ለሱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።"

ዌንደል ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ወደ እሳቸው ዞረ። 

ኖሄያ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኙ። "የሸንኮራ ፋብሪካ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ጓሮ ሆኜ ስጫወት እሱ ሰማኝ፤ አልተወኝም። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ወንዶች ፊት ወጥታ ጊታር አትይዝም። እኔ የማልጫወትበት ቦታ ሁሉ እሱ ይጫወት ነበር። ቅኝቱ ከጓሮ ወጥቶ ሰው ጆሮ እንዲገባ ፈለግሁና ሰጠሁት። ሁለት ቃል ግን አስገባሁት። አንደኛ፣ ለማንም አያስተምርም፤ ከደሜ ውጭ የተሰጠ እሱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ሁለተኛ፣ ስሜን አያነሣም። ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ከባዕድ ወንድ ጋር ቁጭ ብላ ጊታር ስታስተምር ነበር ቢባል ቤቴ ይፈርስ ነበር።"

"የሰው ዕቃ አላውስም" አለ ዌንደል። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። "እንዲህ ነበር የሚለው። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር።"

"አዎ። ልክ ነበር።"

"ቀልድ መስሎን..."

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ኤልያ ግን በሰው ወርቅ ደምቆ ኖረ፤ የኔ ነው ብሎ ግን አንድ ቀን አልዋሸም። ዕድሜውን ሙሉ እውነቱን ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም፤ ገዛ ልጁን ጨምሮ።

ኖሄያ አልጨረሱም ነበር። "አንድ ነገር ልንገርህ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ሂሎ ውስጥ ጊታር የሚያበጅ አጣሁ መሰለህ? አባትህ በየዓመቱ ካኡ ይመጣ ነበር። ባሕሩ ጋብ ሲል፣ ባሌ ለዓሣ ሲወጣ ጠብቆ ጓሮዬ ይመጣል። ቆቡን አውልቆ ይቀመጥና 'ለልጄ ላስተምረው፣ ፍቀጂልኝ' ይለኛል። 'ልጁ ጆሮ አለው፣ ከኔ ይበልጣል፣ ልጁ ጠላኝ' ይለኛል። በየዓመቱ እምቢ እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ሕግ አፍርሻለሁ፣ ሁለተኛ አላፈርስም እያልኩ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመትም መጥቶ ነበር፤ መራመድ እያቃተው።"

ዌንደል ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ያ ሁሉ ዓመት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማሳ ከፊት ሆኖ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ሲከራከር ይሰማል። ቀጥሎ የተናገረው ነገር ራሱንም ገረመው።

"ዓሣ አያመጣም ነበር" አለ።

"ምን?"

"ከካኡ ሲመለስ። ዓሣ አያመጣም ነበር። እናቴ ትስቅበት ነበር።"

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ኀዘናቸውን አልደበቁም፤ ይቅርታም አልለመኑም። ዌንደል ቀና ሲል ድንጋጤው ወደ ቁጣ ሊዞር ምንም አልቀረውም ነበር። እጁ አጠገብ ጊታራቸው አለ፤ ብሎኖቹን ሁሉ ዘርግፎ ይዘውት እንዲሄዱ ማድረግ ይችል ነበር። ይህንንም አሰበ። እውነቱን ለመናገር ደጋግሞ አሰበው።

"ለምን ነገሩኝ?" አላቸው።

"ሕፃኑ ጊታር መያዝ እስኪችል እኔ አልቆይም። አንዱን ልጄን ባሕር በላው፤ የቀሩት ጆሮ የላቸውም። ቅኝቱን ለሕፃኑ የሚያቆይ ሰው ያስፈልገኛል። ቅድም ፊትህን ወደ ግድግዳው ሳዞርህ መስታወቱ እጄን ያሳይህ ነበር። እኔም ያንተን ፊት አየው ነበር። ዓይንህን ጨፈንክ፤ ያኔ አመንኩህ።" ጊታሩን ወደ እሱ ገፉት። "ሰምተኸዋል፤ አልሰማሁም ብትለኝ አላምንህም። ቅኝቱን ያዝልኝ። ተጫወትበት። ልጁ ሲያድግ ስጠው። ለሌላ ለማንም አትስጥ፤ ለገዛ ልጅህም።"

ኬሃው ፊቱ ላይ ድቅን አለች፤ ቀና ብላ ግድግዳውን ስታይ።

"አክስቴ፣ አባቴን ያሰሩበትን ገመድ ነው እኮ የሚያቀብሉኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ልጅ አለችኝ። ትጠይቀኛለች። እኔ የጠየቅሁትን ነው የምትጠይቀኝ።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

ዌንደል ተነሥቶ ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። በሸሚዙ ጠረገው። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ አነሣዋለሁ ቢል የአባቱን ሸክም አብሮ ሊያነሣ ነው፤ እተወዋለሁ ቢል ደግሞ ቅኝቱ ከእኚህ አሮጊት ጋር አፈር ሊገባ ነው። 

"እምቢ መባሉን እችለው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ለምን እንደሆነ ባውቅ እችለው ነበር። እኔ አባቴ የናቀኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እይዘዋለሁ። ለኬሃው አላስተምራትም። ለምን እንደማላስተምራት ግን እነግራታለሁ። የማን እንደሆነም እነግራታለሁ። ይህ ካልተፈቀደልኝ ጊታርዎን ይዘው ይሂዱ።"

"ስሜን?"

"ስምዎን።"

ኖሄያ የተቋጠሩ ጣቶቻቸውን አፍተለተሉ።  "ባሌ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ" አሉ በመጨረሻ። "ማን ይቀየመኛል አሁን? ጥራው።"

ዌንደል የቀረውን ሠራ። የቀጫጭኖቹን ጎን ማግኔት አስተካከለ፤ ስድስቱም ክሮች እኩል እስኪናገሩ ድረስ እሳቸው እየመቱ እሱ እያዞረ ቆዩ። ሲጨርስ ጊታሩን ከእጃቸው ተቀብሎ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዞረና ማንም በሚያውቀው የገበያ ቅኝት ወጠረው። "ከእንግዲህ አያርግቡት" አላቸው። "ሲጨርሱ ወደዚህ ቅኝት ይመልሱት። አንገቱም አይጎብጥም፣ ያነሣው ሰውም ምንም አያገኝም።" አሮጊቷ በቅጠል የተጠቀለለውን፣ በጨው የደረቀ ዓሣ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። "አባትህ ሊያመጣው የሚገባው ነበር" ብለው፣ ቅዳሜ ድግሱ ላይ እንዳይቀር ነግረውት ወጡ።

ቅዳሜ ዕለት ካኡ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ በጉድጓድ ፍም ሲበስል ያደረው አሳማ ወጥቶ፣ የጎደሬው ገንፎ በየሳህኑ ቀርቦ፣ ሕፃኑ አበባ በአንገቱ ተሸክሞ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ኖሄያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ቃኙ፤ ዞረው መጫወት ጀመሩ። ጣቶቻቸው ሳይጫኑ ክሩ ይታዘዝላቸው ነበር፤ አንድም ክር አልነዘረም፣ ወፍራሙም አልዋሸም። የድሮ ሰዎች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ዌንደል ከድንኳኑ አልወጣም። ጊታር ሲነሣ ሳይወጣ የተቀመጠው ከጎልማሳነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ኬሃውም ይህን አይታ ክንዱን ያዘችው።

ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ለሆዱ ሲል ያን ሁሉ መንገድ አብሯቸው የመጣው ማሳ ከመሃል ጮኸ። "ይሄማ የኤልያ ቅኝት ነው! የሞተ ሰው ዕቃ ከየት ተሰረቀ?"

ሰዉ አጉረመረመ። ኖሄያ ጊታሩን አቀፉ። ዌንደል ተነሣ። በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

"የኤልያ አይደለም" አለ። "አባቴ የሰው ዕቃ ነው ሲላችሁ ኖሯል። እኔም አልሰማሁትም፣ እናንተም አልሰማችሁትም። የቅኝቱ ባለቤት እነሆ፣ ኖሄያ ናቸው።"

 ማሳ የተከፈተ አፉን መዝጋት ረሳ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው "የሰው ዕቃ አላውስም..." አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ዌንደል ተቀመጠ። ኬሃው ክንዱን እንደያዘች ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"አባዬ፣ አንተ ታውቀዋለህ? ታስተምረኛለህ?"

"አውቀዋለሁ" አላት። "አላስተምርሽም። ነይ ቁጭ በይ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።"